የማዳበሪያ መጋዘኑ ክርክር

ያስገቡን ጋሸና ያለ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። ማዳበሪያው ተነስቷል፤ ሽታው ግን አልተነሳም። ጠባቂው የብረቱን በር ገፋ አድርጎ «ግቡ» ሲለን ገና ከደጃፉ ዓይናችንን አቃጠለን። ጨለማውን ስንለምደው ሴቶቹን አየናቸው። ባዶ ጆንያ በሲሚንቶው ላይ አንጥፈው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀምጠዋል። ማንም አልተነሳልንም፤ ማንም ምን ሆናችሁ አላለንም። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ብቻ እግሯን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችልን።

«ተማሪ ናችሁ» አለች። «ጫማችሁ ያስታውቃል።»

ጓደኛዬ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት ሳል ያዛት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስክንለያይ ድረስ አልለቀቃትም።

ጓደኛዬ አስም አለባት። ላሊበላ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። አባቷ አስጎብኚ ናቸው፤ እናቴ ደግሞ ለቱሪስት መስቀልና ጥልፍ ትሸጣለች። ዩኒቨርሲቲም አንድ ላይ ደረሰን፤ ዶርምም አንድ ሆንን፤ እሷ ታችኛው አልጋ፣ እኔ ላይኛው። ፓፏን፣ ማለትም አፏ ውስጥ አድርጋ ተጭና የምትስባትን ያችን ትንሽ ሰማያዊ መድኃኒት፣ ከጃኬቷ ኪስ ለይታት አታውቅም። «ሌላዋ ሴት ሊፒስቲክ ትይዛለች፣ አንቺ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ» እላት ነበር። ስንፈተሽ ከስልካችን፣ ከጆሮ ጌጣችንና ከፀጉር ማስያዣችን ጋር ፓፏንም ወሰዱ። «መድኃኒት ነው» ብላቸው ነበር። ፈታሹ አገላብጦ አየና «ይመረመራል» አላት።

የታሰርንበትን ምክንያት ለሰው ስናገር ዛሬም ያሳፍረኛል፤ በጣም ትንሽ ስለሆነ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት የሥነ ምግባር ኮርስ ይወስዳል። በቃልህ ትይዘዋለህ፣ ትፈተናለህ፣ ትረሳዋለህ። እኛ ግቢ ግን አንድ መምህር ቅዳሜ ቅዳሜ የክርክር ክበብ ነበራቸው፤ ኮርሱ ምን ለማለት እንደፈለገ የገባን እዚያ ነው። አንድ ጉዳይ ይቀርባል። አንድ መድኃኒትና ሁለት በሽተኛ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ሁለት ተማሪ ይነሳል። የትኛው ወገን እንደሚደርስህ በዕጣ ነው የሚለየው፤ ታምንበት አትመንበት የሚጠይቅህ የለም። የደረሰህን ግን ከልብህ ትከራከራለህ። ለይስሙላ ከተናገርክ መምህሩ ያስቆሙህና «ያንን ወገን የያዘውን ሰው ናቅኸው» ይሉሃል። በመጨረሻ የሰማው ሁሉ እጁን አውጥቶ ይፈርዳል። ክበቡ ይኸው ነው። ጓደኛዬ ከሁላችንም ትበልጥ ነበር። አንድ ጊዜ የነፍሰ ገዳይ ወገን ደርሷት ግማሹን ክፍል አስለቅሳለች።

ግቢው በጦርነቱ ምክንያት ሲዘጋ በየቤታችን ተበተንን። ክበቡን ግን አልተውነውም። ቴሌግራም ላይ እንጻጻፋለን፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ እንገናኛለን። ያን ቅዳሜ ፍላቂት የሚኖሩት ልጆች አንድ የትምህርት ቤት ክፍል አስፈቅደው ጠሩን። ጥያቄው «ታዝዞ የበደለ ሰው ይጠየቃል ወይስ ያዘዘው?» የሚል ነበር። ተከራከርን፣ ሻይ ጠጣን፣ በሚኒባስ ተመለስን። ጋሸና ላይ፣ መንገዱ ወደ ላሊበላ ከሚታጠፍበት ስንደርስ መኪናው እንዲቆም ተደረገ። ስልክ ክፈቱ ተባለ።

«ይህን ጥያቄ ማን ሰጣችሁ?» አለ ስልኬን የያዘው ፈታሽ።

«እኛው ነን ያወጣነው።»

«ታዝዞ የበደለው ማነው?»

«ማንም አይደለም። ጥያቄ ነው» አልኩት።

ሰውየው ስልኩን ወደ ጓደኛው አዞረ። «ጥያቄ ነው ትላለች» አለው። ተሳፋሪዎቹ ሁሉ መስኮት መስኮቱን ያዩ ጀመር። እኛን አወረዱንና ሚኒባሷ ሄደች።

መጋዘኑ ውስጥ የነበርነው ሴቶች ከአስር አንበልጥም። ያች ቦታ የለቀቀችልን ሴትዮ እዚያው ጋሸና ምግብ ቤት ነበራት፤ እትዬ እንላታለን። ጥፋቷ ለመጣው ሁሉ ወጥ ማቅረቧ ነው። «እነዚያ መጡ፣ አበላሁ። እነዚህ መጡ፣ አበላሁ። ታዲያ የታሰርኩት አብሳይዋ ነኝ» ትላለች፤ ስታወራው ደግሞ የሌላ ሰው ታሪክ ነው የሚመስለው። ከሁላችን ታላቅ የነበሩት ከሙጃ ወዲያ የመጡ ገበሬ ናቸው። እማማ እንላቸዋለን። ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ እሳቸውን ይዘው መጡ። ብዙ አይናገሩም። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ ዓይናቸውን ከድነው ጸሎት ያደርሳሉ፤ እንቅልፍ የወሰዳቸው ሲመስለን ድንገት «አሜን» ይላሉ።

ክፍሉ ባልዲ አልነበረውም። እትዬ እንደገባች ጠይቃ ነበር አሉ። ጠባቂው «መጋዘን ነው፤ ንብረት ነው፤ አይበላሽም» አላት። ስለዚህ ጠዋትና ማታ በተራ እየሆንን ከመጋዘኑ ጀርባ በቆርቆሮ ወደታጠረ ጉድጓድ እንወጣለን። ሌላ መውጫ የለንም። በመሃል ወለሉን ያበላሸች ሴት በለበሰችው ቀሚስ እንደምታጸዳው ገና በገባን ዕለት ተነግሮናል። ውኃ ስንጠጣ እንኳ እየፈራን ነበር የምንጠጣው። ከደጋ ብርድ ጋር ሽንት እንዴት እንደሚያጣድፍ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጆንያው በተነካ ቁጥር ነጭ ብናኝ ይነሳል። እኛ እናስነጥሳለን፤ ጓደኛዬ ግን ደረቷ ያፏጫል። ጆንያዋን ወስጄ ነጠላዬን አነጠፍኩላት፤ ለውጥ አላመጣም። በሩን ደብድቤ «መድኃኒቷ እናንተ ጋ ነው» ስል ጠባቂው ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበረው። «ለአለቃ ተነግሯል» ይላል።

የማወራው ቀን ጠዋት አልወጣንም። አለቃ ስለሚመጣ ባላችሁበት ተቀመጡ ተባልን። ቀኑ ተጋመሰ። የጣሪያው ቆርቆሮ እየጋለ መንጣጣት ጀመረ። እትዬ እግሯን አነባብራ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። ሌሎቹም ወሬ አቁመዋል። ጓደኛዬ ተኝታ መተንፈስ አልቻለችም፤ ቁጭ ብላ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ትከሻዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች አየር ትስባለች። ከንፈሯ ዳር ዳሩ አመድ መስሏል። እኔ ጀርባዋን እያሸሁ «አይዞሽ» እላለሁ።

ከሰዓት በኋላ አለቃ የተባለው መርማሪ መጣ። ወጣት ነው፤ ከእኛ ብዙ አይበልጥም። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው። ጠባቂው የፕላስቲክ ወንበር አቀረበለት። ተቀምጦ፣ እግሩን አጣምሮ፣ «እህቶቼ፣ እንዴት ዋላችሁ?» አለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። በአንድ እጁ ስልኬን፣ በሌላው ፓፏን ይዟል። ጓደኛዬ ፓፏን ስታይ ቀና አለች፤ ውኃ እንዳየ ከብት ዓይኗ እዚያው ላይ ቀረ።

«የክበባችሁን ደንብ አነበብኩት» አለ። «እውነት ለመናገር ወድጄዋለሁ። እኔም ፍሬሽማን ሆኜ ኮርሱን ወስጃለሁ። እኛን ግን መምህሩ እያነበበልን ነው የወጣው፤ እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘንም። እናንተ ታድላችኋል።»

«እባክዎን መድኃኒቷን ይስጧት» አልኩ።

«እሱን እኮ ነው የምንነጋገረው። ቸኮልሽ።»

ስልኬን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ጉዳዩ ይኸውላችሁ» አለ። «አንድ ክፍል ውስጥ የታሰሩ ሴቶች አሉ። አንዷ ታማለች፤ መድኃኒቷ ተይዟል። ይሰጣት ወይስ አይሰጣት? ይሰጣት ከተባለ የሁሉም የዛሬ ማታ መውጫ ይቀራል፤ እስከ ነገ ጠዋት። ነገር ሁሉ ዋጋ አለው፤ ይህንን መምህራችሁም ሳይነግራችሁ አይቀርም። ሁለታችሁ ትከራከራላችሁ፣ እነሱ እጅ አውጥተው ይፈርዳሉ። የፈረዱትን እፈጽማለሁ። ቃሌ ነው።»

«እኛ ምን አግብቶን?» አለች እትዬ።

«እናንተ ሕዝብ ናችሁ» አላት።

ከጆንያው ሁለት ክር መዘዘና አንዱን አሳጠረው። ረጅሙ «ይሰጣት» ነው፣ አጭሩ «አይሰጣት»። ጫፋቸውን በጣቶቹ መሃል አስተካክሎ ለጓደኛዬ ዘረጋላት። አጭሩ ወጣላት። ክሩን ለአፍታ አየውና ትከሻውን ሰበቀ።

«ዕጣ ነው» አለ። «እኔ የለሁበትም።»

«እምቢ በይ» አልኳት በጆሮዋ።

ሰማኝ። «እምቢ ማለት ትችላለች። ክርክር ከሌለ ግን ፍርድ የለም። ፍርድ ከሌለ ደግሞ...» አለና ፓፏን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታት።

«እከራከራለሁ» አለች ጓደኛዬ።

ሌላ ሰው ቢሆን አውቆ ይሸነፋል። ሁለት የማይረባ ነገር ተናግሮ ቁጭ ይላል፤ ሴቶቹም ይገባቸዋል፣ ነገሩም ያልቃል። ዓይኗን ሳየው ግን እንደዚያ እንደማታደርግ ገባኝ። በየቅዳሜው የደረሳትን ወገን ከልቧ ስትከራከር የኖረች ልጅ፣ ያንን መተው አልመጣላትም። ከልቧ ልትከራከር ነው። ተናደድኩ። እዚያ ሁሉ ነገር መሃል በሰውየው ሳይሆን በእሷ ተናደድኩ።

የጀመርኩት እኔ ነኝ። ከመጽሐፍ የያዝኩትን ደረደርኩ፤ የሕይወት መብት ከምቾት ይቀድማል፣ መድኃኒት መንሣት መግደል ነው፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ። እትዬ ዓይኗን በር ላይ ተክላለች። ቃል ሲያልቅብኝ «ከንፈሯን እዩት» አልኩ። «ሌላ ምን ልበላችሁ? ከንፈሯን እዩት።» ከዚያ ተቀመጥኩ። መርማሪው «ስሜታዊ ሆንሽ፤ ግን ጥሩ ነው» አለኝ።

ጓደኛዬ መነሳት ስላልቻለች ተቀምጣ ተናገረች።

«ይህ በሽታ... ከልጅነቴ አብሮኝ ነው» አለች። ሁለት ሦስት ቃል ትልና አየር ለመሳብ ትቆማለች። «ይመጣል፣ ይሄዳል። መውጫው... የሁላችሁ ነው። እኔ አንድ ነኝ። ይህ ግን... ትንሹ ምክንያት ነው።» ሳል ያዛት። መርማሪው ወንበሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጠበቃት፤ አላቻኮላትም። «ዋናው... ዛሬ በመውጫችሁ ከገዛችሁት፣ ትንፋሼ ለእናንተ ዋጋ እንዳለው ይህ ሰው ያውቃል። ነገ... ምግባችሁን ይጠይቃችኋል። ከነገ ወዲያ የሰው ስም ይጠይቃችኋል። በእኔ ደረት... ሁላችሁንም ያዝዛችኋል። አይሰጠኝ። ዋጋ ከሌለው ይተወዋል።»

ጨረሰችና ሁለት እጇን ወለሉ ላይ አድርጋ አቀረቀረች።

ክበቡ ውስጥ ብንሆን ኖሮ እጄን የማወጣው ለእሷ ነበር። እትዬ ቀስ ብላ «እውነቷን እኮ ነው» ስትል ሰማኋት።

መርማሪው አጨበጨበ። ሲያሾፍ አይደለም፤ ደስ ብሎት ነው ያጨበጨበው። «ጎበዝ» አለ። «በጣም ጎበዝ። እሺ፣ ድምፅ። ይሰጣት የምትሉ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እያንዳንዷ ከጠዋት ጀምሮ የያዘችውን ይዛ፣ ጉልበቷን ገጥማ፣ ወለሉን ታያለች። የሚሰማው የጓደኛዬ ደረት ብቻ ነበር። ከዚያ እማማ እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡ።

«ልጀ» አሏት፣ «አሳምረሽ ተናግረሻል። እኔ ግን አልሰማሁሽም።»

ከእሳቸው ቀጥሎ አጠገባቸው ያለችው አወጣች። ቀጥሎ ሌላዋ። እኔም አወጣሁ። እየቆየ እጅ በረከተ። እትዬ የመጨረሻዋ ነበረች። «ኧረ እናንተየ፣ እኔ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ነው የያዝኩት» አለች። ራሷን ነቀነቀች፤ አንድ ስድብ አጉረመረመች፤ ለማን እንደሆነ አልለየሁትም። እጇን አወጣች።

መርማሪው በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። ወደ ጓደኛዬም ዞሮ «አንቺስ?» አላት። ራሷን ነቀነቀች። መጋዘኑ ውስጥ እጇን ያላወጣች እሷ ብቻ ነበረች።

«ተፈረደ» አለና ፓፏን ከኪሱ አወጣት። ክዳኗን ከፈተ። ነቀነቃት። የፓፏን አፍ ወደ ጣሪያው አዙሮ ተጫናት። ነጭ ጭጋግ ወጥታ በመጋዘኑ ብናኝ ውስጥ ጠፋች። መጀመሪያ መሥራቷን የሚሞክር መስሎኝ ነበር። ደገመ። እንደገና ደገመ። እትዬ «ኧረ በማርያም» አለች። እሱ አልቸኮለም። አንዷን ተጭኖ፣ ጭጋጓ እስክትጠፋ ጠብቆ፣ ሌላዋን ይጫናል። ባዶ ድምፅ ማሰማት ስትጀምር ተነስቶ መጣና፣ ጎንበስ ብሎ፣ ለታላቅ ሰው እንደሚሰጥ በሁለት እጁ ለጓደኛዬ አቀበላት።

«ቃሌን ጠብቄያለሁ» አለ። «የተከራከራችሁት ይሰጣት አይሰጣት በሚለው ነው። ሙሉ ትሁን ያለ ሰው አልሰማሁም።»

ጓደኛዬ ተቀበለችው። ባዶ መሆኗን ከሁላችንም በላይ ታውቃለች፤ ፓፍ ስትጠቀም ነው የኖረችው። ደረቷ ግን ማወቋን አልጠበቀም። አፏ ውስጥ ከታ ተጫነች፣ ሳበች። ደግማ ተጫነች፣ ደግማ ሳበች። በዚያ ሰውዬ ፊት፣ በሁላችን ፊት። ከዚያ ቀን ሁሉ የማልረሳው ይህንን ነው። ይቅር በይ የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ የነፍስ አባቴም አንዱ ናቸው። እስካሁን አላልኩም።

መርማሪው በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። «ለማንኛውም ደስ ብሎኛል» አለ። «ከተማርኩት ሁሉ ይህ ይበልጣል። መውጫውን ፈቅጄላችኋለሁ።» ለጠባቂው «አውጣቸው» አለውና ሄደ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ብርሃን ገባ፤ ቀዝቃዛ የደጋ ንፋስ ገባ። በቆርቆሮ የታጠረው ጉድጓድ ጥግ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ሁለት ሴቶች ወዲያው ተነሱ። እትዬም አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ በሌላው ግድግዳውን ይዛ እየተነሳች ነበር።

«ተቀመጡ» አሉ እማማ።

«ምን?» አለች እትዬ።

«ተቀመጡ ልጆቸ። እጃችንን ያወጣነው መውጫችንን ሰጥተን ነው። አሁን ብንወጣ ለዚች ልጅ ምንም አልሰጠናትም ማለት ነው። የሷን ባዶ አደረገባት፤ አሁን ደግሞ የኛን ባዶ ሊያደርገው ነው።»

«እማማ፣ እኔ ልፈነዳ ነው።» እትዬ አልቀለደችም፤ ግንባሯ ላብ ነበረው።

«አውቃለሁ። እኔም አርጅቻለሁ፤ ካንች ይብስብኛል።»

እትዬ እንደቆመች ቀረች። በሩን አየችው። ጓደኛዬን አየቻት። እንደገና በሩን አየችው። በመጨረሻ «እናንተ ሰዎች ትገድሉኛላችሁ» ብላ በግድግዳው እየተንሸራተተች ተቀመጠች። ሁለቱም ሴቶች ተመልሰው ተቀመጡ።

ጠባቂው ግራ ገባው። «ውጡ ተብላችኋል እኮ» አለ። የሚነሳ ሲያጣ «ትእዛዝ ነው» አለ። ከዚያ ሄዶ መርማሪውን ጠራ። መርማሪው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ፈገግታ አልነበረም።

«ምንድነው?» አለ።

«ከፍለናል ልጀ» አሉት እማማ። አልተነሱለትም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። «የከፈልነውን አትመልስልን።»

«እዚሁ ልትሸኑ ነው?»

«እንሸናለን።»

«በቀሚሳችሁ ነው የምትጠርጉት።»

«እንጠርገዋለን።»

በሩን ራሱ ዘጋው፤ ጠባቂው እስኪዘጋው አልጠበቀም።

እማማ ጋቢያቸውን አወለቁ። ያለዚያ ጋቢ አይተናቸው አናውቅም ነበር፤ ከውስጡ ሲወጡ በጣም ቀጭን ሰው ናቸው። ከጓደኛዬ የራቀውን ጥግ መረጡ። አንዱን ጫፍ እኔን አስያዙኝ፣ ሌላውን ራሳቸው ያዙ፤ ጋቢው መጋረጃ ሆነ። «በተራ ልጆቸ። ሌሎቻችሁ ዙሩ» አሉ። ሁሉም ዞሩ። አንድ በአንድ ገቡ። እጄ ዝሎ ነበር፤ እማማን እያየሁ ማውረድ አልቻልኩም። እትዬ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና «የማዳበሪያ መጋዘን አይደል እንዴ፣ ምን ይጎዳዋል» ስትል ጓደኛዬ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት፤ ግን ሳቀች። እማማ የገቡት ሁሉም ካበቁ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ጫፉን የያዘችው እትዬ ነበረች።

እስኪነጋ ድረስ ጓደኛዬን በየተራ ጀርባችንን እየሰጠን ቀጥ አድርገን አስቀመጥናት። ጠዋት ወለሉን በቀሚሳችን አስጠረጉን፤ እንደተባለው። ከዚያ ቀን በኋላ መውጫው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። መርማሪው ሌሎች ነገሮች አድርጎብናል፤ ክርክር ግን ዳግም አላመጣም።

ጓደኛዬ ተርፋለች። ቆይታ ራሷን ስትስት ፈርተው ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ ከዚያው ለቀቋት። እኔ ቆየሁ። እማማን ከወጣሁ በኋላ አላየኋቸውም። ወደ ሙጃ የሚሄድ ሰው ሳገኝ እጠይቃለሁ፤ ስማቸውን ሳልጠይቃቸው ስለተለያየን ግን ማንን እንደምፈልግ ማስረዳት ይቸግረኛል። የጓደኛዬ ደረት እንደ ድሮው አልሆነም። ላሊበላ ከቤቱ ወጥቶ ዳገት የማይጠብቀው ሰው የለም፤ እሷ አሁን ገበያ ለመድረስ መንገድ ዳር እየተቀመጠች ታርፋለች። ትምህርቷን አልቀጠለችም። ከእናቴ ጎን ጥልፍ ትሸጣለች። ለዕረፍት ስሄድ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

«አሸንፌሽ ነበር እኮ» ትለኛለች።

«አሸንፈሽኛል» እላታለሁ።

እውነቴን ነው። ያለችው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ዛሬም መልስ አላገኘሁለትም። እነዚያ ሴቶችም መልስ አግኝተው አይደለም እጃቸውን ያወጡት። ይህንን ነግሬያታለሁ። ትስማማ አትስማማ አላውቅም፤ ክሯን ታጠነጥናለች።

እኔ ጨርሼ ተመረቅሁ፤ አሁን አንድ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ተማሪዎቻችን ከሥነ ምግባር ጋር የሚገናኙበት ዕድል ይስፋ ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። አንዱ ውድድር ይዘጋጅ አለ፣ ሌላው የምስክር ወረቀት፣ ሌላው ቲሸርት። እኔ የጠየቅሁት የቅዳሜ ጠዋት አንድ ባዶ ክፍል ነው። ዲኑ «ይኼማ ቀላል ነው» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። ተማሪዎቹ መጡ፤ መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ፣ አሁን ወንበር ከሌላ ክፍል እንበደራለን።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ይህንን ጉዳይ አቀረብኩላቸው። የራሴ መሆኑን አልነገርኳቸውም፤ አንድ መጋዘን፣ አንዲት በሽተኛ፣ አንድ መውጫ፣ ያን ብቻ። ዕጣ የወጣላቸው ሁለቱ ተከራከሩ፤ ደህና አድርገው ተከራከሩ። ይሰጣት የምትሉ ስል ክፍሉ ሙሉ እጅ ሆነ፤ ሳያስቡ፣ ወዲያው ነው ያወጡት። ኋላ የተቀመጠ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ብቻ አላወጣም። ሁሉም ዞረው አዩት። ከአጠገቡ ያለችው ልጅ በክርኗ ጎሰመችው።

«ለምን?» አልኩት።

«መምህር፣ እውነቱን ልናገር?» አለ። «ሽንቴን ይዤ ማደር አልችልም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም አፍሮ ሳቀ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ።

«እነሱም አይችሉም ነበር» አልኩት።